የነጣው ቅጠል

የምርምር ማዕከሉን ግሪንሃውስ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሴትዮ ከጀርባዋ «ነቃይዋ» ትባላለች፤ ፊት ለፊት ግን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ወይም መልኩን የቀየረ ችግኝ ካየች ማንንም አትጠይቅም፤ ከነሥሩ መንግላ ጆንያ ውስጥ ትከተውና ወደ ማቃጠያው ትወስደዋለች። ቫይረስ የያዘው ተክል አይድንም። አንዱን ላስታምም ስትል ስንቱ እንዳለቀባት በዓይኗ አይታለች።

ስለዚህ የበኩር ልጇ እኩያ የሆነችው አዲሷ የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ስልሳ የቲማቲም ችግኝ አስደርድራ «ቫይረስ ልሰጣቸው ነው» ስትላት ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ቫይረስ፣ እትዬ። አይዞዎት፣ ጉልበቱን ያሳጣነው ነው፤ ተክሉን ክፉኛ አይጎዳም።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ሳባርረው ኖሬ አንቺ በር ከፍተሽ ታስገቢዋለሽ?»

ዶክተሯ ሳቅ አላትና ባዶ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ አስረዳቻት። ተክል ቫይረስ ሲገባበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የቫይረሱን መልእክት እየለየ ይቆራርጠዋል። እሷ ደግሞ ቫይረሱ ላይ የቲማቲሙን የራሱን ጂን ቁራጭ ቀጥላበታለች። ቲማቲሙ ቫይረሱን ሲያሳድድ፣ ያንን ቁራጭ የሚመስለውን የራሱንም መልእክት አብሮ ይቆርጠዋል። ጂኑ ዝም ይላል። ዝም ሲል የሚጎድለው ነገር ታይቶ ሥራው ይታወቃል።

«የመብራት ማጥፊያውን እየነኩ የትኛው ክፍል እንደሚጨልም ማየት በይዋ!»

«እሱን ነው እትዬ! እኔ ያን ያህል አሳጥሬ ተናግሬው አላውቅም።»

ዶክተሯ የምትፈልገው አንድ ጂን ነበር። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ማሳ ሙሉ ቲማቲም በሳምንት ውስጥ የሚጥለው በዚያ ጂን ታግዞ ይመስላታል። ሴትዮዋ ቆማ የዶክተሯን እጅ ተመለከተች። ቫይረሱን የያዘውን መርፌ አልባ ስሪንጅ ከቅጠሉ ጀርባ ለጠፍ፣ በሌላ ጣቷ ደገፍ፣ ቀስ ብላ ገፋ አደረገች። ቅጠሉ ውሃ እንደነካው ወረቀት ጠቆር እያለ ይርሳል። ስልሳውንም ስትጨርስ አንድ ቅጠል አልተቀደደም። «እጅሽ ይባረክ» አለቻት ሳታስበው። ዶክተሯ ሌላም የምትነግራት ነገር ነበራት፤ ነገር ግን ስልክ ተደወለና ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሯ መጥታ በረድፎቹ መሃል ስትመላለስ ቆየች። ፊቷ ጠቆረ።

«አልሠራም እትዬ። የአራት ወር ልፋቴ ውሃ በላው።»

«ምን ጠብቀሽ ነበር?»

«ከስልሳው ሃያዎቹ የዘዴው መፈተሻ ነበሩ። እነሱ ላይ ዝም የሚለው አረንጓዴውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቅላቸው ጂን ነው። ዘዴው ቢሠራ ቅጠላቸው ወረቀት መስሎ ይነጣ ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ ማቃጠያው ዞር ብላ አየች። ትናንትና ጠዋት አራት ችግኝ ነቅላ አቃጥላለች፤ አናታቸው ላይ ያለው ቅጠል ነጭ ሆኖ ሌላ በሽታ መስሏት። ቦታቸውን በሌላ ችግኝ ስለሞላችው ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። አመዱም ተጠርጓል።

«ልጄ፣ ጉድ ሠርቼሻለሁ» አለች፤ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

ሴትዮዋ ቁጣውን ጠበቀች። የመጣው ግን ጥያቄ ነበር።

«ችግኞቹ የት ነበር የቆሙት?»

«እዚያ፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት የማቀዝቀዣው ግድግዳ ሥር። እዚያ ጥግ ሁሌም ይበርዳል። መሃሉ ግን እሳት ነው።»

ዶክተሯ ቴርሞሜትሯን ይዛ ሮጠች። ጥጉ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ መሃሉ ሃያ ዘጠኝ። «ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ሠርቷል! ሥራውን ያበላሸብን ሙቀቱ ነው!» ብላ ሴትዮዋን ከነጭቃ ጓንቷ አቀፈቻት።

አዲስ ስልሳ ችግኝ አፍልተው ቫይረሱን ሰጧቸውና ሁሉንም ወደ ቀዝቃዛው ጥግ አዞሩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መፈተሻዎቹ አንድ በአንድ ነጡ። ከቅጠሉ ደም ሥሮች ጀምሮ እየሰፋ የሄደውን ንጣት ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ተከታተለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሸሸችው ነገር በሰው እጅ ተገርቶ የታዘዘውን ሲሠራ አየችው። በቀሩት አርባ ችግኞች ሥር ደግሞ ዶክተሯ የአጠውልጉን ጀርም የያዘ ውሃ አፈሰሰች።

ከአሥር ቀን በኋላ የጂን ቁራጭ ያልተቀጠለበት ባዶ ቫይረስ ብቻ የተሰጣቸው ሃያ ችግኞች አንገታቸውን ደፍተው ተገኙ። የተጠረጠረው ጂን ዝም ካለባቸው ሃያዎች አሥራ ሰባቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዶክተሯ አልጮኸችም፤ ግንዶቹን እየዳሰሰች አለቀሰች።

«ዘሩን ለገበሬ እንስጠው ታዲያ» አለች ሴትዮዋ።

«ይሄ ዘር ውስጥ አይዘልቅም እትዬ፣ ከዚሁ ተክል ጋር ነው የሚያበቃው። ግን ጥፋተኛውን ጂን አውቀነዋል። ከእንግዲህ ዘር አዳቃዮቹ እሱ የሌለበትን ቲማቲም ይፈልጉ።»

ሴትዮዋ ማምሻውን ቤቷ ገብታ ለሾፌሩ ባሏ ሁሉንም ተረከችለት፤ ያቃጠለቻቸውን አራቱንም ጭምር። እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ ሰማት።

«እና አልተቆጣችሽም?»

«ችግኞቹ የት ቆመው እንደነበር ነው የጠየቀችኝ» አለች። «እኔ ብሆን በቁጣ ጊዜዬን እጨርስ ነበር። አየህ፣ መማር እንዲህ ነው።»