ሬዲዮው ገና አልተሠራም

ደባርቅ ውስጥ ቅቤ የማያድነው በሽታ የለም። ራስ ምታት ቢሉ ቅቤ፣ ወገብ ቢሉ ቅቤ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል በር ቢሉ ቅቤ። ስለዚህ የእትዬ ደብሪቱ ሬዲዮ ማብሪያዋ መንጫጫት ስትጀምር ምን እንደተደረገላት ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ሬዲዮ ጠጋኙ የሺዋስ ሬዲዮዋን ሲከፍታት የቆየ ቅቤ ሽታ ተቀበለው። ማብሪያዋ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ምላሶች በቅቤ ላይ ጥላሸት፣ በጥላሸት ላይ አቧራ ለብሰው ጠቁረዋል። ኮረንቲ በንጹሕ መዳብ እንጂ በቅቤ አይሄድም እያለ ስንቱን መክሯል! ማን ሰምቶት።

ሥራው ራሱ ቀላል ነበር። ጥጥ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ አልኮል አስነክቶ ምላሶቹን መጥረግ፤ እምቢ ካለም በተማሪ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጎ መግጠም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ ባስረከባት። ይህችን ግን መደርደሪያ ላይ አስቀምጧት ሰነበተ። ማስቀመጡ ከመሥራቱ ይልቅ አደከመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረስ የተባለው የእትዬ ደብሪቱ ልጅ እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ሁመራ በረሃ ወርዶ ነበር። እዚያ ሠራተኛ የጫነ መኪና ተገለበጠና ከሞቱት አንዱ እሱ ሆነ። በረሃ ሬሳ አያቆይም፤ እዚያው ቀበሩት። አብረውት የነበሩት ልጆች ወሬውን ይዘው ሲገቡ ከእናቱ በቀር ከተማው ሁሉ ሰማ። መርዶ ደግሞ እንደ ገበያ ወሬ በየመንገዱ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በቤቷ ነው የሚነገራት። የሟቹ እህት ስጦታ ጃናሞራ ተድራ ስለምትኖር ሰው ተልኮባታል። እሷም ብትሆን “እናትሽ አሟታል” ተባለች እንጂ እውነቱ አልተነገራትም። እስክትደርስ ሁሉም አፉን ይዟል።

የእትዬ ደብሪቱ ወንድም አቶ አለምነህ ወሬው በገባ ዕለት ወደ የሺዋስ ሱቅ መጣ።

“ሬዲዮኑ ሁሉ የዚያን መኪና ነገር ሲያወራ ነው የሰነበተ” አለው። “ብትሰማ ወዲያው ይገባታል። ደም ብዛት አለባት፤ ብቻዋን ሆና ብትሰማው ትሞትብናለች። አደራህን፣ አልተሠራም በላት።”

አደራ ከባድ ነው፤ የሺዋስ እሺ አለ። እሺ ሲል ግን ሴትዮዋ በየቀኑ መጥታ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች ብሎ አላሰበም። መጣች። በማግስቱም መጣች። “ቤት ያለው ሰው ምን እንደነካው እንጃ፣ ስገባ ዝም ይላል። እዚህ ይሻለኛል” አለችው። የሺዋስ አንዴ መብራት ጠፋ፣ አንዴ ዕቃ ጎደለ፣ አንዴ ብየዳ ይቀረዋል እያለ ዋሸ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ያህል ወገቡ ይቆረጣል። ያዝንላታል፤ ግን ደግሞ ሰልችታዋለች። ስለሰለቸችውም በራሱ ያፍራል።

አንድ ቀን ብቻ ቀረው። “ስጦታ የጨነቅን ተራራ አልፋለች፤ ማታ ትገባለች። ነገ ጠዋት ይነገራል” ብሎ አለምነህ አስታውቆታል። የሺዋስ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ።

እትዬ ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጋቢዋን ተከናንባ መጥታ ተቀመጠች።

“ዛሬስ?”

“እየሞከርኩት ነው፣ እትዬ። ትንሽ ይታገሡኝ።”

“እኔማ ታገሥኩ። ድረሴ ‘ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ’ ብሎኛል። የበረሃውን ወሬ ልስማ ብዬ እንጂ።”

ፊቷን ላለማየት ሲል ሬዲዮዋን ስቦ አቀረቀረ። እጅ ክፉ ነገር ነው፤ ሥራ ካገኘ ባለቤቱን አያማክርም። ጠረገ፣ ፈተገ፣ አደረቀ። መዳቡ ከቅቤው ሥር ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። ገጠመው፤ ባትሪ ድንጋይም አስገባ። የጸዳ ማብሪያ ደግሞ ደጋግሞ እያበሩ እያጠፉ ካልፈተኑት ሥራው አለቀ አይባልም፤ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ እያለ አውራ ጣቱ ማብሪያዋን ቀጭ አደረጋት።

ሬዲዮዋ ተናገረች። ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ ስለ ንብ ቀፎ አያያዝ ያስረዳ ነበር። ስለ መኪና አላነሣ፣ ስለ በረሃ አላነሣ፤ ስለ ንብ ብቻ። የእትዬ ደብሪቱ ፊት በራ።

“ተባረክ ልጄ! ሠራህልኝ!” ብላ እጇን ዘረጋች።

የሺዋስ ደንግጦ ቀጭ አድርጎ አጠፋት። በሁለት እጁም ሸፈናት።

“ገና ነው። አልተሠራም” አለ።

የተዘረጋው እጇ እዚያው ቀረ። እጆቹን አየች፣ ቀጥላ ፊቱን አየች። እስከ ዛሬ እሱ ሲሸሸው የነበረው ዐይኗ አሁን ያዘው።

“ሲናገር ሰማሁት እኮ።”

ሬዲዮዋን ወደ ራሱ ሳባት።

“እንዳልሰማ ነው እንዴ የምታደርገኝ?”

መልስ ፈለገ። የጎደለ ዕቃ የለም፣ የቀረ ብየዳ የለም፤ ውሸቱ ሁሉ አልቆበታል።

“ድረሴ ነው?” አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ዘመድና ሽማግሌ የተጠነቀቀለት መርዶ በሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ፣ በእኩለ ቀን፣ ያለ አንድ ቃል ተነገራት።

አልጮኸችም። የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ሊደግፋት ሲነሣ በእጇ ከለከለችው። ኋላ ጋቢውን ከአፏ አወጣች።

“ስጦታ ታውቃለች?”

“አታውቅም። አሟታል ተብላ ነው የምትመጣው። ነገ ጠዋት አብራችሁ...”

“እንግዲያ አሁን ብጮህ ከተማው ይነሣል። ልጄ ያንን ገደል አፋፍ ይዛ ስትመጣ ከመንገደኛ ትሰማዋለች” አለች። “አይሆንም። እነሱ ለእኔ ብለው ደበቁ፣ እኔ ለእሷ እደብቃለሁ። አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልሰማሁ።”

“እትዬ፣ ይህን ይዘው እንዴት ያድራሉ?”

“እንዴት እንደማድር እኔ አውቃለሁ። ሬዲዮኑን አስቀምጠው። ለጠየቀህም ገና አልተሠራም በል።”

ፊቷን ጠርጋ ወጣች። የሺዋስ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ከዳባት ድንች ይዛ የመጣች፣ ምንም ያልሰማች ገበያተኛ “እትዬ ደብሪቱ፣ ድረስ ገባ ወይ?” ብላ ጠየቀቻት። “አልገባም፤ ደህና ነው፣ ተመስገን” ብላት አለፈች። የሺዋስ ወደ ሱቁ ተመልሶ አለቀሰ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ። አለምነህ በሩን ሲመታ እትዬ ደብሪቱ ከፈተች፤ ስጦታ ከኋላዋ ብቅ አለች። “ምነው በማለዳው? በደህና ነው?” አለች እናትየዋ፣ ማለት ያለባትን አንዲት ቃል ሳታጎድል። ቄሱ የኢዮብን ነገር ጀመሩ። ገና ሳይጨርሱ ስጦታ ገባትና ጉልበቷ ከዳት። የእናቷ ክንድ ግን ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር፤ መሬት ሳትነካ ያዘቻት። እትዬ ደብሪቱ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ከትናንት ጀምሮ የታፈነውን የዚያን ጩኸት ዕድሜ የሚያውቀው የሺዋስ ብቻ ነበር።

ለቀስተኛው ግቢውን ሲሞላው አለምነህ እንባውን እየጠረገ መጣና የሺዋስን ክንዱን ያዘው።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለው። “አንተ አደራ ባትጠብቅልኝ ኖሮ ብቻዋን ትሰማው ነበር።”

የሺዋስ አሜን አለ። ሌላ ምን ይበል።