በሩን የረሳው

ሰጋቱራ በሸተተኝ ቁጥር ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን ትዝ ትለኛለች። አባቴ ከሰው ወርክሾፕ ወጥቶ የራሱን ሥራ የጀመረው እዚያው እኛ በምንተኛበት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሙሽሪት ቁም ሳጥን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰጋቱራ ላይ ተኝተን ከሰጋቱራ ላይ ተነሣን። ቫርኒሹ ደረቀ፣ ተሸካሚዎች መጡ፣ ቁም ሳጥኑ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ቢያቆሙት፣ ቢያጋድሙት፣ አልወጣ አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ በሩን ረስተኸዋል እኮ!" አሉ አከራያችን፣ ቁልፍ ከእጃቸው ስለማይጠፋ እትዬ ቁልፌ የምንላቸው። በሩ ይፍረስ ቢባሉም "በሬሳዬ ላይ!" አሉ።

የሙሽሪት አባት ከሌላ ቦታ ገዙ። ሰፈሩም ለአባቴ ስም አወጣለት፤ "በሩን የረሳው"። አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ።

እናቴ ከተዳረች ጀምሮ ልብሷን የምታስቀምጠው በሻንጣ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሶቿን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትሰቅላለች።

"ላንቺ አልነበረም እኮ" አላት አባቴ።

"ታዲያ አልወጣም ያለው ለምን ይመስልሃል?"

ሳቀ። ግን በዚያው "አንዴ እሞክራለሁ፤ ካልሆነ ተመልሼ እቀጠራለሁ" አለ። ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሁለተኛውን ቁም ሳጥን በብሎን የሚፈታና የሚገጠም አድርጎ ሠራው። እናቴ የማታ ትምህርት ከጀመረች ሁለት ወሯ ስለነበር፣ ኮራ ብላ ጣውላዎቹ ላይ በእርሳስ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች ጻፈች። ፊደል ያልቆጠረው አባቴም "ሀ በግራ፣ ሐ በቀኝ" እያለ በቃሉ አጠና።

ደንበኛው ቤት ሄደው "ሀን አምጪ!" ሲላት ሐን አቀበለችው። ሐን ሲላት ሀን። ከደንበኛው ፊት በጥድፊያ ገጥመው ሲጨርሱ፣ የመደርደሪያዎቹ ማሳረፊያ በሙሉ ወደ ውጭ ዞሯል።

"ይሄ ቁም ሳጥን ነው መሰላል?" አለ ደንበኛው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቴ "በቃ፣ ነገ እቀጠራለሁ" አለ።

"አንተ ምን አጠፋህ? ሁለት ሀ ያመጣው ፊደሉ ነው" አለች እናቴ። "በስማቸው እንጥራቸው። ይሄኛው ሃሌታው፣ ያኛው ሐመሩ።"

በማግስቱ ደንበኛውን ለምነው ገቡ። አባቴ "ሃሌታው!" ይላል፣ ታቀብለዋለች። "ሐመሩ!" ይላል፣ ታቀብለዋለች። ቁም ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩ ጠባብ የሆነበት ሰው ደግሞ ለካ ብዙ ኖሯል፤ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ መጣ። አባቴ ወርክሾፕ ሲከፍት በታፔላው ላይ ያስጻፈው "በሩን የረሳው የእንጨት ሥራ" የሚል ነው። እኔ አፍሬ ነበር። አሁን እኔው ነኝ የምሠራበት፤ ታፔላውን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ከዚያች ክፍል የለቀቅን ዕለት ያ የመጀመሪያው ቁም ሳጥን እንደገና ራስ ምታት ሆነ። በሚስማርና በኮላ የተሠራ ስለነበር አይፈታም። አባቴ መጋዙን አነሣ።

"እንዳትነካው!" አለች እናቴ።

መጋዙን አስቀምጦ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አዲስ ባለ ሁለት ተካፋች ሰፊ በር አሸክሞ መጣ። እትዬ ቁልፌ በሩን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ፈቀዱ። አሮጌውን ነቀለ፣ ቁም ሳጥኑ ከነቀሚሶቹ ወጣ።

"ያኔ ለሙሽሪት ያልተከፈተ በር፣ ዛሬ ለማን ተከፈተ?" አሉ እትዬ ቁልፌ።

አባቴ እናቴን አየት አደረጋት።

"ለሙሽሪት" አለ።