የሚዘገየው አሸዋ

ፀጉር ሠሪዋ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ የገባችው መስታወት ፍለጋ ነበር። የሥራ ቦታዋ መስታወት መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ደንበኞቿ ፊታቸውን ለሁለት ተከፍሎ እያዩ ማጉረምረም ጀምረዋል። መስታወት አላገኘችም። ያገኘችው ከተበላሹ ሬዲዮኖችና ክዳን ከሌላቸው ድስቶች መሃል የተወሸቀ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ሰፊ የካርቶን ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ ጠረጴዛ ከበው በሳቅ የሚፍለቀለቁ ሰዎች ተስለዋል። ቀልቧን የሳበው ይሄ ሥዕል ነው። እነሱም ቤት ጠረጴዛ አለ፣ ከቦ የሚቀመጥ ሰውም አለ። ሳቅ ከጠፋ ግን ዓመት አልፎታል።

«የቡድን ጨዋታ ነው እህቴ» አለ ባለሱቁ፣ አቧራውን በክንዱ እየጠረገ። «ካርድ ታወጫለሽ፣ ካርዱ ላይ አንድ ቃል አለ። ቃሉን ሳትጠሪ ለቡድንሽ ታስረጃለሽ። ጠጠርሽ ሰሌዳው ላይ አፍ የተሳለበት ቦታ ካረፈ እያወራሽ፣ እርሳስ ላይ ካረፈ እየሳልሽ፣ እጅ ላይ ካረፈ ደግሞ ትንፍሽ ሳትዪ በምልክት ብቻ። የአሸዋ ሰዓቱ ፈስሶ ሳያልቅ ካወቁት ወደፊት፣ ካላወቁት እዚያው።»

«በምልክት ብቻ» ሲል አባቷ ታወሳት።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። መንገድ መሃል ቆሞ በሁለት እጁ ከተማውን ሲያሾረው ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ማለት ይቻላል፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ አንደበቱም ጭራሽ ተዘጋ። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ነገር ይገባዋል። መናገርና መጻፍ ብቻ አይችልም። ለልጁ «ፊሽካ» የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ገና ከተወለደች ጀምሮ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ስለነበረች። አሁን ቤተሰቡም ሰፈሩም ፊሽካ ነው የሚላት። የሚጠራበት አንደበት ያጣው ስሙን ያወጣላት ሰው ብቻ ነው።

ዛሬም አፏ አያርፍም። ደንበኛ ገና «ከጎን በኩል ትንሽ…» ስትል «ላሳጥርልሽ ነው አይደል?» ብላ ከአፏ ትነጥቃታለች፤ መቀሱም አብሮ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቷ ልክ ስለሚሆን ማንም አልተቀየማትም። አባቷ ጋ ሲሆን ግን ይሄ ፍጥነት ዋጋ አጣ። በየጠዋቱ ግራ እጁን ወደ መስኮቱ ይዘረጋል። «በረደህ አባዬ?» ትልና መስኮቱን ትዘጋለች። ራሱን በእምቢታ ይነቀንቃል። «ሞቀህ?» ትከፍታለች። እንደገና ይነቀንቃል። ብርድ ልብስ ታመጣለች፣ ውሃ ታመጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ «እሺ በቃ፣ በኋላ እናየዋለን» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ይጨፍናል። አንጀቷን የሚበላው ያ ዓይን መጨፈን ነው። የተቆጣ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር። አባቷ ግን እጅ የሰጠ ሰው ነበር የሚመስለው፣ እሱ ደግሞ እጅ መስጠት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እና ይሄን ጨዋታ ይዞ ቤት መግባት ምን ማለት ነው? በሰው ቁስል መቀለድ አይሆንም? ይህን እያሰበች ሣጥኑን ከፍታ መፈተሽ ጀመረች። ካርዶቹ ጠርዛቸው ቢያረጅም በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ከጠጠሮቹ አንዱ ጠፍቶ በምትኩ የካፖርት ቁልፍ ተቀምጧል። የአሸዋ ሰዓቱን ገልብጣ አየችው። አሸዋው መፍሰስ ጀመረ፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ትንሽ አስቦበት እንደገና ወረደ።

«ይሄማ ተበላሽቷል» አለች ወዲያው።

«እርጥበት ገብቶት ነው እንጂ አልተበላሸም። መታ መታ ስታደርጊው ይወርዳል።»

«ደቂቃ የማይቆጥር የደቂቃ ሰዓት ተይዞ ጨዋታ አለ እንዴ ወንድሜ?» ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ባለሱቁም የፀጉር ሠሪን አፍ የሚችለው አልሆነምና ዋጋውን ቀነሰላት። «ካልጣማችሁ በሳምንቱ መልሺው» አላት ሣጥኑን በገመድ እያሰረ። «ሳላጉረመርም ነው የምቀበልሽ።» ያችን ቃል ይዛ ነው የወጣችው። ባይሆን ይመለሳል።

ቤት እንደደረሰች የሠራችውን ሥራ ያየ የለም። የእጅ ሥዕል ያለባቸውን አረንጓዴ ካርዶች ለብቻ ለይታ፣ በላስቲክ አስራ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥር ደበቀቻቸው። አባቷ ወንድሟ እንደ ዱዳ ሲወራጭ እያየ ሊስቅ ነው? ምን ቆርጧት ታሳየዋለች። ወሬውና ሥዕሉ ይበቃቸዋል።

ማታ ወንድሟ ከሥራ መጣ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሲገባ ከፊቱ ቀድሞ የመፍቻው ሣጥን ድምፅ ይሰማል። የተለጠፈውን ካርቶን አይቶ «ሰው ስቆ የጨረሰውን ጨዋታ ገዝተሽ መጣሽ?» አላት።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

እናቷና ወንድሟ አንድ ቡድን ሆኑ፣ ፊሽካና አባቷ ሌላ ቡድን። «አባዬ፣ አንተ አሸዋውን ትገለብጥልናለህ» አለችው። ሥራ የሰጠችው መስሏት ነው። እሱም በግራ እጁ ተቀብሎ፣ አደራ እንደተሰጠው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ እናትየው ላም ሳለች። ላሚቱ አምስት እግር ያላት ጠረጴዛ ሆና ወጣች። ወንድምየው «አምስተኛው እግር ምንድነው?» ሲል «ጭራዋ ነዋ» አለች እማዬ፣ ከልቧ ተቀይማ። ሳቅ ተጀመረ። የፊሽካ ጠጠር እጅ የተሳለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ «ይሄን እንዝለለው፣ ካርዱ ጠፍቷል» ብላ አለፈችው። የወንድሟም እዚያው ሲያርፍ «እሱንም እንዝለለው» አለች። አባቷ አንዴ ሰሌዳውን አንዴ እሷን እያየ ቆየ።

እንደገና ልትዘል ስትል የአሸዋ ሰዓቱን በጎኑ አጋድሞ ግራ እጁን አነሳ። መዳፉ ወደ ውጭ፣ ጣቶቹ ቀጥ ያሉ፣ ክርኑ የማይነቃነቅ። ያ እጅ ሲነሳ የጭነት መኪና ሳይቀር ቀጥ ይል ነበር። ሦስቱም ባሉበት ደረቁ። አባትየው ጣቱን እጅ የተሳለበት ቦታ ላይ አሳረፈ፣ ቀጥሎ ወደ ፊሽካ ጠቆመ፣ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። አምጪ።

«ጠፍቷል አባዬ…»

ትኩር ብሎ አያት። ልጅ ሆና ስኳር ሰርቃ «እኔ አይደለሁም» ስትል የሚያያት አስተያየት ነው። ተነስታ ካርዶቹን ከፎጣው ሥር አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ከቁስል እጠብቀዋለሁ ብላ ከጨዋታ አስወጥታው ነበር፤ እሱም አውቆባታል።

የመጀመሪያውን ካርድ አንብቦ ደረቱ ላይ ለጠፈው። አሸዋውን ገለበጠ። ግራ እጁን ወደ ኋላ ስቦ የሆነ ነገር ወረወረ።

«ጅራፍ!» አለች ፊሽካ። «ፈረስ! ገመድ! ድንጋይ መወርወር! መረብ ኳስ!»

አልሰማትም። ከወረወረ በኋላ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በቃ፣ ተቀመጠ። ዓይኑን ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ተክሎ ምንም አይሠራም። የግምት ቋቷ ተሟጠጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ነበር «እሺ በቃ፣ በኋላ» የምትለው። አሁን ግን ጨዋታ ነው፤ አሸዋው አላለቀም። እንዲያውም አንገቱ ላይ ተሰንቅሮ ቆሟል። የምትለው ስታጣ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ዝም አለች። ዝም ስትል አየችው። አውራ ጣቱ ጠቋሚ ጣቱ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የማይታይ ቀጭን ክር እየዳበሰ ነው። ወለሉ ወለል አልነበረም፣ ውሃ ነበር። ከውሃው ሥር የሚመጣውን የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ዓሣ አጥማጅ» አለች በቀስታ።

አባቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠፍ አደረገውና ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ያው የድሮው፣ ወፍራሙ፣ ከሆድ የሚነሳው ሳቁ ነው። ለካ ሳቅ ቃል አይፈልግም፤ ውስጡ ሳይነካ ተቀምጦ ኖሯል። እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንድምየው ሊቀልድ ከፍቶት የነበረውን አፉን ሳይዘጋው ቀረ።

ከዚያ በኋላማ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ታወቀ። አባትየው በአንድ እጁ አውሮፕላን አሳረፈ፣ ሕፃን አጠበ፣ ከወንድሟ አፍ ጥርስ ነቀለ። ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ወንድሟ ዶሮ ነኝ ብሎ ሲወራጭ ከሚጥል በሽታ በቀር ምንም አልመሰለም። አባትየው ግን ትከሻውን ትንሽ ሰበቅ ሲያደርግ የሚያስመስለው ሰው ራሱ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። ፊሽካ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ስንት ጊዜ አጠገቡ እየኖረች ይሄን ሁሉ ችሎታ «ምን ፈልጎ ይሆን» እያለች ስታልፈው ነበር። ወንድሟ ቡድን ካልቀየርን ብሎ አሻፈረኝ አለ፣ የሰማው ግን አልነበረም። ተሸንፎ ሲነሳ የተለጠፈውን ካርቶን መታ አድርጎ «ይሄን የሸጠልሽ ሰውዬ ሞኝ ነው» አላት። «እንዴት ከእጁ ያወጣዋል?»

በማግስቱ ጠዋት ፊሽካ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ልትወጣ ስትል አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

«በረደህ?» ራሱን ነቀነቀ። «ልክፈተው?» ነቀነቀ። ደንበኛ ቀጥራለች፣ ረፍዷል። «እሺ አባዬ፣ ማታ…»

ዓይኑን አልጨፈነም። የወንበሩን እጀታ ተደግፎ ተነሳ፣ እግሩን እየጎተተ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፣ ከሣጥኑ ውስጥ የአሸዋ ሰዓቱን አወጣ። ፊቷ አስቀመጠውና ገለበጠው።

ፊሽካ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አወረደች። ተቀመጠች። ዓይኗን እጁ ላይ ተከለች።

አሸዋው ትንሽ ወርዶ አንገቱ ላይ ቆመ። እጇ መታ ልታደርገው ሄደ፤ መልሳ ሰበሰበችው።

አባቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመና እንደማይፈልገው ሁሉ በመዳፉ አየሩን ገፋ። ወንድሟ «እንዳይደብረው» ብሎ የገዛለት ሰፊ ቴሌቪዥን ነው፤ ወንበሩንም ፊት ለፊቱ የተከሉት ለእሱ ብለው ነው። ቀጥሎ ወደ ወንበሩ ጠቆመ። ከዚያ ግራ ክንዱን ዘርግቶ በዝግታ ወደ ጎን አዞረው፤ መንገድ መሃል ቆሞ ሾፌሮችን «በዚህ ታጠፍ» ሲል እንደሚያዞረው። እጁ መጨረሻ ላይ ያረፈው መስኮቱ ላይ ነው።

«ወንበሩን» አለች ፊሽካ። «ወንበሩን ወደ መስኮቱ እናዙረው? ውጭውን እንድታይ?»

ጠረጴዛውን ጠፍ አደረገው። አሸዋው ገና አላለቀም ነበር።

ወንበሩን እየጎተተች ዞር አደረገችው። ተቀመጠ። ከታች መስቀለኛው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል፤ መኪኖች ተጠላልፈው አንዱ ሌላው ላይ ክላክስ ይነፋል። አባቷ ቁልቁል አይቷቸው፣ እንደ ድሮው ቅር እንዳለው ሁሉ በአፍንጫው ተነፈሰ። ከዚያ ግራ እጁን ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ብድግ አድርጎ አንደኛውን መስመር አቆመ፣ ሌላውን ለቀቀ።

ፊሽካ ዓመት ሙሉ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረችውን መስኮት አይታ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለደንበኛዋ ትንሽ እንደምትዘገይ ነገረቻት፣ ሌላ ወንበር ጎትታም አጠገቡ ተቀመጠች።