ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ

አትጠገብ ባሏ ወልደአማኑኤል ሲሞት የቀራት አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። የወታደር ልጅ ናት፤ ጅጅጋ ተወልዳ ጅጅጋ አግብታ ሌላ አገር አታውቅም። መኪናው ከጅጅጋ ቶጎጫሌ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ የሚነዳላት ደግሞ ጁነይድ ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለም አብሮት የሠራ፣ ቀብሩ ላይ ከወንድም እኩል የቆመ ሰው ነው።

የሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ሊዘጋ በተቃረበበት ዓመት፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው ስለበዛ ሥራው ደርቶ ነበር። አንድ ቀን መኪናው ቶጎጫሌ ሳይደርስ ሞተሩ ግሎ ቆመና ተጎትቶ ተመለሰ። ወንድሟ ጌታሁን የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሳያት። ዘይቱ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ሊጎድል ሲገባውም ከምልክቱ በላይ ወጥቷል።

«ውሃ ጨምሮበታል» አላት። «ሞተሩን ገድሎ መኪናውን በርካሽ ሊወስድብሽ ነው።»

አትጠገብ ለማመን ጊዜ አልፈጀባትም። ጁነይድ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ መኪናው ይበልጥ ሳያረጅብዎ ቢሸጡት ይሻላል ብሎ መክሯት ነበር። ያኔ ያመሰገነችው ምክር አሁን ወጥመድ ሆኖ ታያት። መነኸሪያ ሄዳ ሾፌሮቹ ሁሉ በተቀመጡበት ቁልፉን ተቀበለችው።

«እኔ ውሃ አልጨመርኩም» አለ ጁነይድ።

«ታዲያ ከየት መጣ?»

መሬት መሬት አየ እንጂ አልመለሰም። ዝምታው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት። ከዚያ ወዲያ በከተማው መኪና አምኖ የሚሰጠው አላገኘም፤ ባለቤቱን ዑባህንና ልጆቹን ይዞ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄደ።

መኪናው ባሺር የሚባል መካኒክ ጋ ገባ። ባሺር ከሥር የዘይቱን ማፍሰሻ ሲፈታው መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነበር፤ ዘይቱ ኋላ መጣ። አዲስ ዘይት ሞላ፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይንፈቀፈቅ ጀመር። በማግስቱ ውሃው ጎድሏል፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም።

«ሰው ጨምሮት ቢሆን የራዲያተሩ ባልጎደለ» አላት። «ውሃው ከራዲያተሩ ተነስቶ በውስጥ በኩል ነው ወደ ዘይቱ የሚሄደው።»

የሞተሩን ራስ ፈትቶ ሲያወጣው ስንጥቅ ታየ። ስንጥቁ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ማጣበቂያ ለጥፎበታል፤ ልጥፉ ከእሳቱ ብዛት ከብረቱ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል። የዓመታት ነው አላት ባሺር።

አትጠገብ ቤቷ ገብታ ማሰብ ጀመረች። ወልደአማኑኤል ሁልጊዜ ከመውጣቱ በፊት ራዲያተሩን የሚሞላው ራሱ ነበር፤ ሌላ ሰው አያስነካም። ሌሊቱን አልተኛችም። ሲነጋ ቱሊ ጉሌድ ሄደች።

ዑባህ በርጩማ አቀረበችላትና ወደ ውስጥ ገባች። ጁነይድ የተጠየቀውን መለሰ። ወልደአማኑኤል መኪናውን የገዛው እሷ የእናቷን ቤት ሸጣ በሰጠችው ብር ነው። የተሰነጠቀ ሞተር እንደሸጡለት ያወቀው ግን ከገዛ በኋላ ነበር። ለሷ መንገር አቃተው። አስለጠፈው፤ ጁነይድንም በልጆቹ አስማለው። ሊሞት ሲልም የለመነው ይህንኑ ነው።

«ቢያንስ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሟቹን ሰው ፊት ላዋርድልዎ? ለብቻዬ ጠርተው ጠይቀውኝ ቢሆን እነግርዎ ነበር። እርስዎ ሕዝብ ሰብስበው ነው የጠየቁኝ።»

ይቅርታ አድርግልኝ፣ መኪናው ይሠራል፣ ተመለስ አለችው። ይቅርታውን አልነፈጋትም። መመለሱን ግን እንቢ አለ።

«ከእንግዲህ ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር የሚያዩት እኔን ነው» አላት።

መነኸሪያ ተመልሳ ሾፌሮቹን ሰብስባ ጥፋቱ የጁነይድ እንዳልሆነ ተናገረች። ባሏ የደበቀው ግን አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አዳመጧት፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ወዲያው ጫት ላይ ወዳቋረጡት ወሬ ተመለሱ። በመኪናው ዕቃ ታመላልስ የነበረች ሀሊሞ የምትባል የቶጎጫሌ ነጋዴ ስትሰማ፣ «እንኳን ጥፋቱን አመነና ታረቃችሁ» አለቻት። ጌታሁንም ቢሆን፣ ሁሉን እያወቀ ዝም ማለቱ ያው ክህደት ነው ብሎ ከአቋሙ አልወረደም። መኪናውን ለመለዋወጫ ሸጠችው።

የወልደአማኑኤል ሙት ዓመት ሲወጣ ድንኳኑ ሞላ። ጁነይድ አልመጣም። የመጡት ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ለሚስቱ የሚሳሳ ባል አላየንም እያሉ ሲያነሱት፣ አትጠገብ ጎንበስ እያለች ጠላ ትቀዳላቸው ነበር።