የሐሙስ ሳህን

አባ አግደው ሐሙስ ሐሙስ ይወድቁ ጀመር። አራት ሳምንት በተከታታይ ወደቁ። በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ የሽማግሎች መጦሪያ የሚሠራው ሐኪም «አእምሯቸው እየደከመ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ለመርሳት በሽታ የሚሰጥ ክኒን ጨመረላቸው። አልበጀም። በሌላ ከተማ ወዳለ፣ በሩ ወደሚቆለፍ መጦሪያ እንዲዛወሩ ወረቀት ተዘጋጀ፤ የቀረው ፊርማ ነው።

ሚስታቸው ብዙዬ ግን እዚሁ በሴቶቹ በኩል ናቸው። ዓይናቸው አያይም። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ እጃቸውን ይዘው ያመጧቸው አባ አግደው ናቸው።

ወረቀቱ ሳይፈረም አናት የምትባል የመድኃኒት ባለሙያ መጣች። ሥራዋ ሽማግሎቹ የሚውጡትን ክኒን አንድ በአንድ መርምራ የማያስፈልገውን ማስቀረት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ጥሩአየሁ ከዕብራይስጥ አስተረጎመችላቸው።

«ይህን ለምንድነው የሚውጡት?»

«ስለሰጡኝ» አሉ አባ አግደው።

ጥሩአየሁ ሳቀች። አናት አልሳቀችም፤ የነርሶቹን መዝገብ ገለጠች። «የወደቁት ሁሉ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ምን አለ?»

አባ አግደው ወደ መስኮቱ አዩ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ፣ እንደ ቤተ እስራኤል ወግ፣ ሐሙስን ይጾማሉ። ጾም ደግሞ በአምላክና በሰው መካከል ነው፤ አይወራም። የቀረበ ምግብ መመለስ ነውር ስለሆነም ሳህኑን ለክፍል ጓደኛቸው ለዳቪድ ይገፉላቸዋል። ባዶ ሳህን ያየ ማን ይጠይቃል?

አናት ሌላ ገጽ ገለጠች። «ዳቪድ፣ የእርስዎስ ስኳር ዓርብ ጠዋት ለምን ይወጣል?»

ዳቪድ ከሞሮኮ የመጡ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «እሱ አልበላም ካለ ምግብ ይደፋ?»

«አንተ ሆዳም! ዝም በል አላልኩህም?» አሉ አባ አግደው በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

«ዝም ብዬ በላሁልህ እኮ! እኔ ወፈርኩ፣ አንተ ወደቅህ።»

አናት እርሳሷን አስቀመጠች። አባ አግደው የስኳር በሽታ ክኒን የጀመሩት ከወር በፊት ነው፤ መውደቁም ከዚያ ወዲህ ነው። ክኒኑ እህል በሌለው ሆድ ሲገባ ሰውን እንደሚጥል አስረዳቻቸው።

«ክኒን እህል አይደለም ብዬ ነው የዋጥኩት» አሉ አባ አግደው ቀስ ብለው።

«ጾሙን ይተዉታል?»

«አልተውም።»

አናት የማዛወሪያውን ወረቀት አየች። «እንግዲያው ሐሙስ ይህን ክኒን አይውጡም። ውሃ ግን ይጠጣሉ። ማታ ይበላሉ። ከወደቁ ግን ዝውውሩን እኔም ማስቀረት አልችልም።»

«በጾም ውሃ?»

«ይጠጡ እንጂ!» አለ ድምፅ ከበሩ። ብዙዬ ግድግዳ ግድግዳውን ዳብሰው መጥተዋል። «እኔን ማን ሊመራኝ ነው?»

አባ አግደው ተነሥተው ወንበር አቀረቡላቸው። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ውሃ።»

አናት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረች። የመርሳት ክኒኑ ቀረ። ወረቀቱ ሳይፈረም ከመሳቢያ ገባ።

በሁለተኛው ሐሙስም አባ አግደው አልወደቁም። ሲመሽ ብዙዬን መርተው አምጥተው አጠገባቸው አስቀመጡ። ዳቪድ የጓደኛቸውን ሳህን በሌላ ሳህን ከድነው መስኮት ዳር ሰማይ ይጠብቃሉ፤ ጾሙ የሚፈታው ሦስት ኮከብ ሲታይ ነው።

«ኮከብ ወጣ?»

«ሁለት። አንድ ይቀራል።»

«ሳህኑን ነክተሃል?»

«አንዲት ድንች ብቻ» አሉ ዳቪድ። «እርጅና ነው፤ እጄ ሳላዘው ይሄዳል።»

ብዙዬ ሳቁ። እጃቸው በባላቸው እጅ ውስጥ ነበር።