የጎደለው በርሜል

ከተጂ ሲነሱ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ኩርባውን ሁሉ እንደ ጨዋ ልጅ ነበር የሚታጠፈው። ሾፌሩ ወንዳፍራሽም ያን ቀን እንዲህ እንዲሆንለት ስለት ተስሎ ነበር። ጋቢና ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ኦቦ ኩምሳ ለወንድ ልጃቸው ሰርግ ጤፍና ጠላ ወደ ዓለም ገና የሚያስጭኑ ገበሬ ብቻ አልነበሩም፤ የያለምወርቅም አባት ናቸው። ወንዳፍራሽ ሽማግሌ ልኮ ያለምወርቅን ለመጠየቅ ካሰበ ከርሟል። እሳቸውም ሳይነገራቸው ገብቷቸው፣ ገና ሲሳፈሩ፣

«በሰላም ካደረስከኝ ለሽማግሌዎችህ ደጄ ክፍት ነው። ጠላዬን ከደፋህ ግን መንገዱንም እርሳው» ብለውት ነበር።

የጠላው በርሜሎች ከጤፉ ጆንያ በላይ የቆሙት በኦቦ ኩምሳ ትእዛዝ ነው። የሰርግ ጠላ ይዞ በዘመድ ደጅ ሳያቀምሱ ማለፍ በእሳቸው ዘንድ ከስድብ ይቆጠራልና፣ ለመቅዳት እንዲመች ብለው ነው። እውነትም ዘመድ ባለበት ሁሉ መኪናው ቆመ። ጣሳው ወጣ ወረደ፤ ምርቃቱ ዘነበ። ከጭነቱ ላይ ከነያለምወርቅ የተሳፈረው ሰርገኛም እግረ መንገዱን ጉሮሮውን አረጠበ።

«እየቀለለልህ ነው፤ በል ንዳ!» ይላሉ ኦቦ ኩምሳ።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ጭነቱ በቀለለ ቁጥር መኪናው በየኩርባው ይባስ ይንገዳገድ ጀመር። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር አካሉ ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ ተቃንቶ ሳያበቃ ደግሞ አንድ ነገር ከላይ ይገፋዋል። ሰበታ ሊደርሱ ሲሉ በአንዱ መታጠፊያ ላይ የአንድ ወገን ጎማዎቹ መሬት ለቀው ተመለሱ። የሰርገኛው ዘፈን እሪታ ሆነ። ወንዳፍራሽ እንደ ምንም አቆመው።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ጠጥተሃል?» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

«ኧረ ጠብታ አልቀመስኩም!»

«ታዲያ መኪናህ ለምን ይሰክራል?»

ወንዳፍራሽ ወርዶ ጎማውን መታ፣ ጭነቱን የተሸከመውን ባሌስትራ ዳበሰ። ሁሉም ደህና ነው። የሚልካቸው ሽማግሌዎች ከኦቦ ኩምሳ ደጅ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ታየው።

«ጎማውን ተወው፤ ጥፋቱ እዚህ ነው» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ያለምወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አንዱን በርሜል በመዳፏ ትመታለች። «ቅቤ ስንጥ ቅሉን የማጎድለው ወተቱ መላወሻ እንዲያገኝ ነው። ጢም ያለ ቅል አይናጥም። እነዚህ ሁሉ ተጋምሰዋል፤ በየኩርባው ጠላው ወደ አንድ ወገን እየሮጠ ይገፋሃል። ያውም ከዚህ ከፍታ!»

«ማነው ያጋመሳቸው?» ብለው ኦቦ ኩምሳ አፈጠጡ።

«ደጋጎቹ ዘመዶችዎ ናቸዋ፣ አባባ!»

ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ። አባትየው ጺማቸውን አሻሹ።

ወንዳፍራሽ ጊዜ አላጠፋም። ሰርገኛውን አስተባብሮ ጆንያዎቹን ወደ ዳርና ዳር አስገፋ። ግማሾቹን በርሜሎች ከመኪናው ወለል መሃል ላይ አስቁሞ፣ በቀሩት ውስጥ ያለውን ጠላ ወደ እነሱ እያስገለበጠ ጢም አድርጎ አስሞላቸው። ከላይ ባዶዎቹ ብቻ ቀሩ።

ሰበታ ሲገቡ የኦቦ ኩምሳ የአክስት ልጅ ባጫ፣ ዋንጫውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ወንዳፍራሽ ጨነቀው። ቢያስቀዳ በርሜሉ ይጎድላል፤ ዝም ብሎ ቢያልፍ ዘመድ ይቀየማል።

«ምን ላድርግ ኦቦ?»

ኦቦ ኩምሳ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ባጫ! ከነዋንጫህ ውጣ! ዓለም ገና ትጠጣለህ!»

ባጫ እያጉረመረመ ተሳፈረ። የቀሩትን ኩርባዎች ኤንትሬው ተረጋግቶ ታጠፋቸው።

ዓለም ገና ሲደርሱ ኦቦ ኩምሳ ከጋቢና ወረዱና፣ «ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አሉት። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ከእንግዲህ ጭነት ስትጭን ግን እኔን አትስማ፤ እሷን ጠይቅ።»

ወንዳፍራሽ ቀና ሲል፣ ያለምወርቅ ባዶውን በርሜል ከበሮ አድርጋ ትደልቅ ነበር።