ከእሱ እጅ በቀር

ልብስ ሰፊው ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን እስከ ዛሬ የሰው ዓይን ተውሶ አያውቅም። ይህንንም አፉን ሞልቶ ይናገራል። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ከሱሪ ቁርጥራጭ ጭምብል እየሰፋ ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል። "ያለ ጭምብል ሱቄ የገባ፣ አዝራሩን በጥሼ ነው የምሸኘው" እያለ ይቀልዳል። እጁን ይታጠባል፣ ርቀቱን ይጠብቃል። አንድ ነገር ብቻ አትንገሩት፤ ተመርመር አትበሉት።

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ነጭ የለበሱ ልጆች አፍንጫ ውስጥ ጥጥ እየከተቱ ይመረምራሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋችሁ ኑ እያለ መኪና በድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሽማግሌዎቹ ግን ወይ ፍንክች! አንዱ ጥጡ አንጎል ይነካል ይላል፤ ሌላው የገባ አይወጣም ይላል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰፈሩ "ምላጭ" የሚለው፣ "ደህና ሰው ምን ቆርጦት ይመረመራል?" ብሎ ይከራከራል። የልብስ ሰፊው ምክንያት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። እሱን የያዘችው እታለም ናት።

እታለም ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ግማሽ ጎኗ ከከዳት ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ከአስተማሪ ልጇ ጋር ትኖራለች። ምግብ የምትቀበለው ግን ከእሱ እጅ ብቻ ነው። ልጇ ማንኪያ ስታቀርብላት አፏን ግጥም ታደርጋለች። እሱ ሲመጣ ትከፍታለች። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ይሄዳል፣ ሾርባውን እፍ ብሎ ያበርዳል፣ "በይ እታለም፣ ለወንድምሽ ስትይ" እያለ ያበላታል።

እና ተመርምሮ ቢገኝበትስ? አሥራ አራት ቀን ከቤት አትውጣ ሊሉት ነው። አሥራ አራት ቀን! "በሽታው ሳይሆን ረሃብ ነው የሚገድላት" ይላል ለሚስቱ። ሰው መቼም የፈራውን ላለማየት ሰበብ አያጣም። የእሱ ሰበብ ደግሞ ከፍቅር የመጣ ነበርና ማን ይሟገተው?

አንድ ጠዋት የእታለም ልጅ በር ላይ አስቆመችው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የምርመራ ወረቀት ሳታሳየኝ አላስገባህም።"

"እኔን?"

"አዎ። እኔም ትናንት ተመርምሬ ነው። ትምህርት ቤታችን ሁለት ሰው ተገኝቶበታል።"

ይዞት የመጣውን የሾርባ ሳህን ከእጁ ተቀብላ ገባች። እሱ ደጅ ቆሞ አዳመጠ። ልጅቷ ለመነች፣ ተቆጣች፣ መልሳ ለመነች። በመጨረሻ ሳህኑን እንደ ሞላ ይዛ ወጣች።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

"ታዲያ ተነስ፣ አብረን እንመርመር" አለችው።

"አንቺ ሂጂ። አንቺ ነጻ ከሆንሽ እኔም ነጻ ነኝ። አርባ ዓመት አንድ አልጋ ተኝተን፣ ካንድ ድስት በልተን፣ በሽታው አንቺን ዘሎ እኔን ሊመርጥ ነው?"

ሚስቱ ብዙ ጨቀጨቀችው፤ ሲያቅታት ብቻዋን ሄደች። ነጻ ወጣች። እሱም ወረቀቷን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና እንደ ጎረምሳ እየተጣደፈ መንገዱን ተሻገረ።

"ይሄ የእትዬ ነው እኮ" አለች ልጅቷ።

"የእሷና የእኔ ምን ልዩነት አለው?"

ልጅቷ ወረቀቱን እያየች ቆመች። እናቷ ከትናንት ጀምሮ ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም። እሷም ደክሟታል። በሩን ለቀቀችለት።

እታለም ጭምብል የለበሰ ሰው ስታይ ፊቷን አዞረች። እሱም ጭምብሉን አገጩ ላይ አወረደው፤ ካላወቀችው አትበላማ። አየችው፣ በደህናው ጎኗ ፈገግ አለች፣ ሳህኑን እስኪያልቅ በላች። ልብስ ሰፊው ያን ቀን እያፏጨ ነው ሱቁን የከፈተው።

በስድስተኛው ቀን እታለምን ትኩሳት ያዛት። በሰባተኛው መተንፈስ አቃታት፣ አምቡላንስ ወሰዳት። ማታ ልጅቷ ደወለች።

"እናቴ ተገኝቶባታል። እኔ እንደገና ተመርምሬ ነጻ ነኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ቤታችን አልገባም ጋሼ።"

ስልኩን ዘጋችው። 

በነጋታው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ጥጡ አንጎል አልነካም። ሁለቴ አስነጠሰው፣ አለቀ። ለዚህች ነበር ያ ሁሉ! ውጤቱ ሲመጣ ተገኘበት። አላሳለው፣ አላተኮሰው፣ ራሱን እንኳ አላመመውም።

"አባባ፣ ሳያምዎትም ለሰው ያስተላልፋሉ" አለችው መርማሪዋ።

"አሁን አወቅኩ ልጄ" አላት።

ጓዳ ገብቶ ተዘጋበት። ሚስቱ ምግቡን ደጃፍ ላይ እያስቀመጠችለት ትመለሳለች። እታለም ሆስፒታል በገባች በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ቀብሯ ላይ አልቆመም። ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እኔ ነኝ" እያለ ሲያለቅስ ሚስቱ ከበሩ ወዲያ ሆና አብራው አለቀሰች።

ቀኑን ጨርሶ ሲወጣ ልጅቷ ልትጠይቀው መጣች። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሌት ተቀን ሲያብሰለስለው የከረመውን ብቻ ጠየቃት።

"ተርባ ነው የሞተችው፣ አይደል?"

"ኧረ በልታለች ጋሼ።"

"ከማን እጅ?"

"ከነርሷ። ሁለት ቀን እምቢ አለች። ያንተን አባባል ለነርሷ በስልክ ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን 'ለወንድምሽ ስትይ' ስትላት አፏን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው በልታለች።"

ልታጽናናው ነበር። እሱ ግን ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢያበላት ትበላ ነበር። አሥራ አራቱን ቀን መታገስ ትችል ነበር። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

በሳምንቱ ሱቁን ከፈተ። አጠገቡ ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መቀሱን ይወለውላል፤ ጉሮሮው እየከረከረው ሦስት ቀን ሆኖታል።

"ተመርመር" አለው ልብስ ሰፊው።

"እንዴት ብዬ? ሚስቴ ስኳር በሽተኛ መሆኗን ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቷን የምወጋት እኔ ነኝ። ቢገኝብኝ ማን ይወጋታል? ከእኔ በቀር ለማንም ክንዷን አትሰጥም።"

"ትሰጣለች።"

"አታውቃትም አንተ..."

"ትሰጣለች አልኩህ!" ድምፁ ተሰበረ። "ሁለት ቀን እምቢ ትላለች። በሦስተኛው ትሰጣለች። ተነስ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ምላጭ የጓደኛውን ፊት አየ። መቀሱን አስቀመጠና ተነሳ።